ዝም ያለው ዲያቆን

ሠናይት ልጇን ስትመግብ ሰው እንዲያያት አትወድም ነበር። ልጅቱ እንደ ሌላ ሕፃን ጡት ስባ አታውቅም። እናትየው ወተቱን በትንሽ ኩባያ ታደርግና፣ ልጇን እንደ ትልቅ ሰው ቀጥ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግላታለች። ከአምስቱ ማንኪያ ሁለቱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ይመጣል። ልጅቱን ትን ይላታል፤ ፊቷ ደም ይመስላል፤ እናትየው በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላትና «እስቲ ደግሞ፣ ብርቱዬ» ትላታለች። ሌላ እናት በአንድ አፍታ የምትጨርሰውን ሠናይት አንድ ሰዓት ትቀመጥበታለች።

ብርቱካን አሥራ አራት ወር ሆኗታል። ፊቷን ላየው እንከን አይወጣላትም፤ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ፣ ከንፈሯ የተሣለ የሚመስል ልጅ ናት። ጉድለቱ ያለው ከአፏ ውስጥ፣ ላንቃዋ ላይ ነው። የአፏ ጣሪያ ከመካከሉ ሳይገጥም ተወለደች። አባቷ እሸቴ ሦስት ወር ታገሠና «በእኛ ዘር ወተት በአፍንጫው የሚወጣ ልጅ ተወልዶ አያውቅም» ብሎ ሠናይትን ከነልጇ ጉና ግርጌ ወዳለው ወደ አባቷ ቤት መለሳት። ሽማግሌ ተቀምጦ ፍቺው አለቀ። የአባቷ ቤት ጠባብ፣ የእንጀራ እናቷ ዓይን ደግሞ ከቤቱ የጠበበ ነበረና፣ ሠናይት ልጇን አዝላ ደብረ ታቦር ወረደች። የአባቷ እህት አሰለፈች ተቀበለቻት። ልብስ መስፋት ታውቅ ስለነበር በአክስቷ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ይዛ ተቀመጠች፤ እንጀራዋም ከዚያ ወጣ።

ዲያቆን ይሻው ወደዚያ በረንዳ መጀመሪያ የመጣው በመስከረም፣ ጠርዙ የተተረተረ ልብሰ ተክህኖ ይዞ ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ በሰፈሩ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳል፣ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ሲደርስ ሠናይት ልጇን እየመገበች ነበር። የመጣ ሰው ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ይላታል፤ እሷም መልሱን ከመልመዷ የተነሣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች። ይሻው ግን አንድ ጊዜ አየና ጀርባውን አዙሮ መንገዱን እየተመለከተ ቆመ። ልጅቱ እስክትጠግብ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ዞሮ ልብሱን አሳያት፣ የተተረተረበትን በጣቱ አመለከታት፣ ዋጋውን ጠይቆ ሄደ። ስለ ልጅቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በሳምንቱ ደግሞ የራሱን ኮት አመጣ፤ ኪሱ ተቀዷል አለ። ሠናይት ጨርቁን በጣቶቿ መሐል አድርጋ አየችው። የስፌት ሰው ናትና የተቀደደን ከተቆረጠ ትለያለች፤ ኪሱ የተለቀቀው በምላጭ ነበር። ክር ስባ መስፋት ጀመረች። ልቧ ግን ያን ቀን ዝም ሊልላት አልቻለም።

ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነበር። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ፣ በተክሊል ከብሮ ነው። አግብታ የፈታች፣ ልጅም የወለደች ሴት ያገባ ዲያቆን ክህነቱ ያኔውኑ ያበቃል፤ ወደ መቅደስ አይመለስም። የይሻው አባት መሪጌታ ጥበቡ ልጃቸው ቄስ ሲሆን ለማየት ዕድሜ እንዲሰጣቸው የሚለምኑ ሰው መሆናቸውን ከተማው ያውቃል። ሐሙሲት ላይ የቄስ ልጅ ለሚስትነት አይተውለታል ይባላል። ስለዚህ ይሻውና ሠናይት ስለ ፍቅር አያወሩም፤ ስለ ብርቱካን ያወራሉ። ምን ያህል ጠጣች፣ ትናንት ስንት ጊዜ ትን አላት፣ ዛሬ ሳቀች ወይ ይባባላሉ። ያልተባለው ሁሉ በዚያ ውስጥ ይሄድና ይመጣ ነበር።

በጥቅምት ልጅቱን ባሕር ዳር ያለ ሆስፒታል ይዘዋት የሄዱት አብረው ነው። ሐኪሟ አፏን በባትሪ አይታ፣ ላንቃው በቀዶ ሕክምና እንደሚገጥም ነገረቻቸው። ነገር ግን አፏን ሳትፈታ ቢሆን ይሻላል፤ ከዘገየ ንግግሯ በአፍንጫዋ ይቀራል አለች። በነፃ የሚያክም ቡድን ባለፈው ዓመት መጥቶ ነበር፤ ያኔ መንገዱ ተዘግቶ ሠናይት ከጉና መውረድ አልቻለችም። አሁን ለቀዶ ሕክምናው፣ ለምርመራውና ለማረፊያው የተጠየቀው ገንዘብ ሠናይት አምስት ዓመት ብትሰፋ የማታገኘው ነበር። ሐኪሟ ሌላም ነገር ጨመረች። ልጅቱ ከስታለች፤ ከዚህ በታች ከቀነሰች ማደንዘዣውን አትችለውም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ይሻው ስልኩን ሲያገላብጥ ቆየና በቴሌግራምና በፌስቡክ ሕዝብ እንዲያግዛት ሊጽፍላት እንደሚችል አነሣባት። የጉና አካባቢ ተወላጆች የሚሰበሰቡበት ገጽ ነበር፤ ከሚያስተዳድሩት አንዱ እሱ ነው፤ ከአገር ውስጥም ከውጭም ሰው አለበት። ሠናይት ጭኗ ላይ የተኛችውን ልጇን በነጠላዋ አለበሰቻት።

«ጻፍ» አለችው በመጨረሻ። «ፊቷን ቢያዩት ግድ የለኝም። አፏን ከፍተው፣ ወተት በአፍንጫዋ ሲወርድ ግን እንዳያዩብኝ። ነገ አድጋ ትምህርት ቤት ትገባለች። ያን የሚያሳያት ሰው አይጠፋም።»

ይሻው ቃል ገባላት።

ጽሑፉን እሷ ፊት ነው ያነበበው። ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ስለ ማንኪያው፣ ስለ አንዱ ሰዓት፣ ዓረፍ ብላ በልታ ስለማታውቅ እናት ይናገራል። ከሥሩ ብርቱካን ነጠላ ተከናንባ የምትስቅበት ፎቶ አለ። ሠናይት ስትሰማው አቀርቅራ ነበር። የራሷን ኑሮ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲያየው መኖሩን አታውቅም ነበርና ቀና ማለት አቃታት።

ሰው ግን አላመነም። ጥቂቶች ላኩ፤ የበዙት «ይቺ ልጅ ምን ሆነች? ቁንጅናዋ ነው እንዴ በሽታዋ?» እያሉ ጻፉ። አንዱ ሌባ አላቸው። ይሻው የሐኪሟን ወረቀት ለጠፈ፤ ወረቀትማ ማንም ይሠራል አሉት። ለያንዳንዱ በትሕትና ይመልሳል፤ ለሠናይት ግን የሚያነብላት ደጉን ደጉን ብቻ ነው። እሷም የሚደብቃትን ከፊቱ ታነበዋለች። እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ። ብርቱካን ጉንፋን ይዟት ሰነበተችና ጉንጯ ጎደጎደ።

በኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ሠናይት ክር ልትገዛ ገበያ ወጣች። ክር የምትሸጠው ሴት ሒሳቡን ትታ ፊቷን ታጠናት ጀመር።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የዚያች ልጅ እናት?» አለቻት ሴትዮዋ፤ ስልኳንም ከጉያዋ አወጣች። «ስንቴ አለቀስሁ መሰለሽ። ትንሽም ብትሆን ልኬያለሁ።»

ሠናይት አየች። ያቀረቀረው ፊት የራሷ ነው፤ የራሷ እጅ፣ የራሷ ነጠላ ነው። ብርቱካን ትን ብሏት፣ አፏ ተከፍቶ፣ ወተቱ በሁለቱም የአፍንጫዋ ቀዳዳ እየወረደ ታለቅሳለች። የተቀረጸው በረንዳዋ ላይ፣ ይሻው ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት አጭር በርጩማ፣ ከዱካው በኩል ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የእሱ ነው። ክሩን ሳትይዝ ተመለሰች። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ልጇን ራቁቷን ያያት መሰላት።

ይሻውን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ከበሩ አጠገብ ነው።

«አንተ ነህ?» አለችው።

ምን እንደምትል ገባው። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ተወው።

«ገንዘቡ ሞልቷል» አለ ቀስ ብሎ። «ቀጠሮ ይዘውላታል። ታኅሣሥ ሃያ ነው።»

«የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

«አውቃለሁ።» አቀረቀረ። «ይቅር በይኝ፣ ሠናይት።»

ይህን ሲል እንዲክድላት ምን ያህል ትመኝ እንደነበር ያኔ ነው ያወቀችው። ቢዋሻት ታምነው ነበር። ዞራ ሄደች፤ እሱም አልተከተላትም። ያን ሰሞን በረንዳው ላይ ሰው በመጣ ቁጥር ቀና ትላለች፤ እሱ ባለመሆኑ ደስ እንዲላት ትሞክራለች፤ አይሆንላትም።

ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው አክስቷ አሰለፈች የታጠፈ ወረቀት ሰጠቻት። ከይሻው ነው። ሠናይት ወደ ጓዳ ገብታ ከፈተችው።

«ሠናይት፣

ቀጠሮው ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ልጅቱ ምንም እንዳትቀምስ ብለዋል፤ ብታለቅስም ልብሽ አይራራ። ሹፌሩን ደምሴን አነጋግሬዋለሁ፤ የፊቱን ወንበር ይዞላችኋል፤ ብርቱካንን ከኋላ ስትቀመጥ መንገዱ ያስመልሳታል። ለብቻሽ አትግቢ፤ አክስትሽ አብረውሽ ይሁኑ። እኔ አልመጣም። ፊቴን ማየት እንደማትፈልጊ አውቃለሁ።

ስለ ራሴ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው እንጂ መልስ ፈልጌ አይደለም። ሐሙሲት ያለችውን ልጅ እንደማላገባ ለአባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ቆሜ ስቀድስ፣ ስለ ሕሙማን ሲጸለይ የማስበው የአንዲት ልጅ አፍ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የማየው የእናቷን እጅ ነው። እንዲህ ሆኖ ሌላ ሴት በተክሊል አግብቶ ቅስና የሚቀበል ሰው ማንን ያታልላል?

ይሻው»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። «እኔ አላደረግሁትም» የሚል ቃል ብትፈልግ አጣች። ሊታረቃት ያልጻፈው፣ ምክንያት ያልደረደረበት ወረቀት ነው። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን የፊቱ ወንበር ከሚለው ላይ ሲደርስ ይከዳታል። ይህ ሰው ቃሉን ሰብሮባታል፤ ይህ ሰው ብርቱካን ከኋላ ስትቀመጥ እንደሚያስመልሳት ያውቃል። ሁለቱን አንድ ሰው ማድረግ አቃታት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ታኅሣሥ ሃያ ጠዋት ባሕር ዳር ሆስፒታል ነርሷ ብርቱካንን ከእጇ ተቀበለቻት። ልጅቱ ስትራብ አድራ ለማልቀስ እንኳ ደክሟት ነበር፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እጇን ወደ እናቷ እንደዘረጋች ነበረች። ሠናይት ባዶ ክንዷን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ከወለደቻት ጀምሮ ልጇን ለሌላ ሰው ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነው። አክስቷ ጎትታ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

አንድ ሰዓት ያህል እንደተቀመጡ አሰለፈች መቁጠሪያዋን ኪሷ ከተተች።

«ልጄ፣ የሚያንቀኝ ነገር አለ» አለች። «ልጅቱ ከዚያ በር ሳትወጣ ካልተናገርሁ እግዜር ይፈርድብኛል። ያን ምስል ያስቀረጽሁት እኔ ነኝ።»

ሠናይት ያልገባት ይመስል አየቻት።

አሰለፈች ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቱ በጉንፋኑ ሰሞን ስትከሳ እያየች መተኛት አቅቷት እንደነበር፤ ገንዘቡ ሳይሞላ ልጅቱ ማደንዘዣውን ከማትችልበት ደረጃ እንዳትደርስ መፍራቷን፤ ስልክ ካላት ጎረቤት ጋር ተማክራ፣ ሠናይት አቀርቅራ ስትመግብ ከዱካው ላይ ሆና እንድትቀርጽ ማድረጓን፤ ጎረቤቷም ምስሉን ከይሻው ጽሑፍ ጋር አያይዛ በዚያው ገጽ መልቀቋን አልደበቀችም። ይሻው ያየ ዕለት ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣባት። ላጠፋው ነው አላት። በዚያች ሰዓት ገንዘቡ እንደ ክረምት ጎርፍ እየገባ ነበር። አሰለፈች እግሩ ላይ ወደቀች።

«እንዳታጠፋው ለመንሁት። ለሠናይት እኔ መሆኔን እንዳትነግርብኝ ብዬም ለመንሁት። ዕድሜ ልኬን ልጅ አልወለድሁም፤ እናንተ ስትመጡ ነው ቤቴ ቤት የሆነው። ብታውቂ ጥለሽኝ የምትሄጂ መሰለኝ። እሱ ስልኩን ኪሱ ከተተና 'ገባኝ' ብሎኝ ወጣ። ካንቺ ጋር መጣላቱን ሳይ እንኳ አፌን አልከፈትሁም። ፈሪ ነኝ፣ ልጄ።»

ሠናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የተቆጣችው በማን እንደሆነ፣ ያዘነችው ለማን እንደሆነ ራሷም አልለየችውም። የአክስቷን እጅ ግን እንደያዘች ነበረች፤ አልለቀቀችውም።

በዚያ መሐል ነጭ የጠመጠሙ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ በኮሪደሩ ቀስ እያሉ መጡ። በእጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል። ሠናይት ቀና ብላ አየቻቸው። መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ለመሳም ዝቅ ስትል ክንዷን ይዘው አስቀሩዋትና ከጎኗ ተቀመጡ። አሰለፈች ነገሩ ገብቷት ውሃ ልታመጣ ሄደች።

«ይህ የአጃ ዱቄት ነው» አሉ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ እያኖሩ። «የይሻው እናት ወለተሥላሴ ናት የላከችው። ከቀዶው በኋላ ጠንካራ አትበላም መባሉን ሰምታ ለአጥሚት እንዲሆን ሦስት ጊዜ ነፍታዋለች።»

ሠናይት ቋጠሮውን በሁለት እጇ ያዘች። መምጣታቸው ለወቀሳ መስሏት ነበርና አስቀድማ ተናገረች።

«መሪጌታ፣ ልጅዎን ከመቅደስ ላስወጣው አልፈልግም። ምንም አልጠየቅሁትም።»

«አለመጠየቅሽን አውቃለሁ። ቢጠየቅማ ይቀለኝ ነበር፣ እምቢ በል እለው ነበር።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ሦስት ቀን አላናገርሁትም። በአራተኛው ቀን እናቱ መጥታ 'አንተ ማን ነበርህ?' አለችኝ። ያኔ ጠርቼ አናገርሁት።»

ከዚያ፣ ዓይናቸውን ከተዘጋው በር ሳያነሡ፣ የራሳቸውን ነገሯት። ቄስ ነበሩ። የመጀመሪያ ሚስታቸው በወሊድ ሞተችባቸው። ቄስ ሁለተኛ አያገባም፤ ካገባም ቅስናው ይፈርሳል። አምስት ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። ከዚያ ወለተሥላሴን አይተው አገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ቅኔ ማኅሌት ቆመው ያዜማሉ።

«መጋረጃው በተገለጠ ቁጥር እግሬ ዛሬም ወደዚያ ሊሄድ ይላል» አሉ። «ይህን ልጅ ያስተማርሁት እኔ የወጣሁበት ይግባልኝ ብዬ ነው። ለእሱ ይመስለኝ ነበር። ለራሴ ኖሯል።»

ሠናይት ድፍረት ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ ጠየቀቻቸው።

«ተጸጽተው ያውቃሉ?»

መሪጌታ ከተዘጋው በር ወደ እሷ ዞሩ።

«ቤተ ክርስቲያን ስቆም አዝናለሁ። ቤቴ ስገባ ተጸጽቼ አላውቅም። ሁለቱም እውነት ነው፣ ልጄ፤ አንዱ አንዱን አያጠፋውም። ለልጄም ይህንኑ ነግሬዋለሁ፤ እያወቀ ይግባበት። አሁን አንቺን ልጠይቅሽ። ለልጄ ያለሽ ፍቅር ነው ወይስ ውለታ? ውለታ ከሆነ ገንዘቡን የሰጠው አገሩ ነው፤ ይሻው አንቺ ላይ የሚጠይቀው ዕዳ የለውም። እንዲህ ከሆነ ንገሪኝና ልጄን ይዤ ልመለስ። ያዝናል፣ ይድናል።»

ሠናይት እጆቿን ዱቄቱ ላይ አድርጋ ቆየች። እሸቴ ሲያባርራት ያልተናደደችውን ንዴት አሰበች፤ ያኔ ልቧ ቀዝቅዞ ነበር፣ ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች እንጂ። ይሻው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲያቀረቅር ግን ውስጧ ነዷል።

«ባልወደው ኖሮ ይህን ያህል አልቆጣውም ነበር፣ መሪጌታ» አለች።

ሽማግሌው የመጀመሪያውን ፈገግታ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ይሻው ከግቢው በር ላይ ቆሞ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ይመታዋል» አሉ። «አልገባም ብሎኝ ነው። ያልጠራችኝ እንዴት ልግባ ይላል።»

ሠናይት ልትነሣ ስትል የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ተከፈተ። ሐኪሟ ጭምብሏን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ ነበር። ቀዶው በሰላም ማለቁን፣ ላንቃው መገጠሙን፣ ልጅቱም እየነቃች መሆኑን ነገረቻቸው። ሠናይት የሰማችው «በሰላም» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ሆነባት፤ መሪጌታ ጥበቡ «ስብሐት ለከ» ሲሉ፣ ውሃ ይዛ የተመለሰችው አሰለፈች ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስታለቅስ እያየች እሷ እንባ አልመጣላትም።

እንባው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የብርቱካን ክርኖች እጇን አፏ እንዳትከት በካርቶንና በፋሻ ታስረዋል፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። ነርሷ ቀዝቀዝ ያለ ወተት በኩባያ አምጥታ በጥቂት በጥቂቱ እንድትሰጣት ነገረቻት። ሠናይት ልጇን እንደ ልማዷ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፤ የነጠላዋንም ጫፍ አዘጋጀች። ልጅቱ አንድ ጊዜ ዋጠች። ሠናይት አፍንጫዋን አየች። ደረቅ ነው። ደግማ ሰጠቻት፤ ደረቅ ነው። ሦስተኛውን ብርቱካን ራሷ አፏን አስጠግታ ፈለገችው። የተዘጋጀው ነጠላ የሚጠርገው አጣና እናትየው የራሷን ፊት ጠረገችበት።

ቀና ስትል ይሻው ከበሩ ላይ ቆሟል። አባቱ ጠርተውት ነበር፤ ደፍሮ ግን የበሩን ደፍ አላለፈም። ፀሐዩ ግንባሩን አቅልቶታል። ቁልቁል የሚያየው ልጅቱን ነው፤ ሠናይትን ለማየት የፈራ ይመስላል።

«ግባ» አለችው።

ገብቶ ከአልጋው ጫፍ ቆመ። አክስቷ ሁሉንም እንደነገረቻት ነገረችው። ከዚያም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከጠየቀችው በለዘበ ድምፅ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እኔን ብትጠዪ የምትገቢበት ቤት አታጪም» አለ። «እሳቸውን ብትጠዪ ግን ልጅ ይዘሽ ወዴት ትሄጃለሽ?» ጥቂት ቆየና ጨመረ። «ደግሞም አልዋሸሁሽም። የቀረጽሁት እኔ አይደለሁም፤ ማጥፋት ስችል ያላጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። አንድ ዓይኔ ቃሌን ያያል፣ አንድ ዓይኔ የልጅቱን ክብደት ያያል፤ የቱን ልጨፍን? ቃሌን በላሁ። ይቅር በይኝ ያልሁሽ ለዚያ ነው። አሁን አጥፍቼዋለሁ። ሌላ ሰው ያስቀረውን ግን መመለስ አልችልም።»

ሠናይት ልጇን አየች። ነገ የሚያሳያት ሰው አይጠፋም ብላ ነበር፤ አሁንም አይጠፋም። ያን ቀን የምትነግራትን ነገር ግን አገኘች መሰላት፤ ይህን ያህል ሰው እንድትበዪ ፈለገ ትላታለች።

«ሌላ ጊዜ» አለችው፣ «የሚከብድህን ለብቻህ አትሸከም። ለሁለት እንሸከመው። እኔ ከማንም የበለጠ የለመድሁት ነገር ነው፣ መሸከም።»

ሌላ ጊዜ የሚለው ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ይሻው ቀና ብሎ አያት። ለአራት ወር በማንኪያና በወተት መሐል ሲደበቅ የኖረው ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ሳይደበቅ በዓይናቸው አለፈ። ኩባያውን ዘረጋችለት፤ ተቀበላትና ተንበርክኮ ለብርቱካን አንድ ጉንጭ ሰጣት። 

ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ይሻው ለመጨረሻ ጊዜ ቀደሰ። ሠናይትን እንደሚያገባ ለደብሩ አለቃ አስቀድሞ አስታውቋል፤ እሳቸውም አዝነው፣ መርቀውታል። ሠናይት ብርቱካንን አዝላ በሴቶች በኩል ቆማለች፤ አሰለፈች ከጎኗ ናት። ከመጋረጃው ውስጥ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ድምፁ አልተሰበረም። ሕዝቡ ሲመልስ የእሷ ድምፅ ግን ተሰበረ። ይህ ድምፅ ከዚያ ውስጥ ዳግመኛ እንደማይሰማ ከቆመው ሕዝብ መሐል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ታቦቱ ሊወጣ ደወል ተደወለ። ይሻው በጎኑ በር ብቅ አለ። ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ ነጭ ነጠላ አጣፍቷል። ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ተመለከተ። ፊቱ ላይ ያለውን ኀዘን ሠናይት ከሩቅ አየችው፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ሮጣ ልትይዘው ወደደች፤ የእሱ እንደሆነ፣ ብቻውን ሊያዝነው እንደሚገባ አወቀችና ባለችበት ቆመች።

መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። መሪጌታ ጥበቡ ከመካከል ናቸው። ልጃቸውን ሲያዩ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት፤ በእጃቸው ያለውንም መቋሚያ ሰጡት። ለራሳቸው ከሌላ ሰው ተቀበሉ። ይሻው ገብቶ ከአባቱ ጎን ቆመ። ከበሮው ተመታ፤ አባትና ልጅ በአንድ እግር ዘመም፣ ቀና አሉ።

ብርቱካን ከጀርባዋ ላይ ሆና ድምፁን ሰምታ ዘወር ዘወር ትላለች። ሠናይት ልጇን ወደ ጎን አዙራ እንድታይ አደረገቻት። ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ሠናይትም እልል አለች። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ደስታዋን ከኀዘኗ መለየት አልቻለችም፤ ለመለየትም አልፈለገች።